በሥራ ሰዓት የሚሞት ሰው

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ሌላ ወሬ ስለሌለህ ድገመው! ከባለሥልጣን እስከ ባለጋሪ፣ ከአዳራሽ እስከ ጓዳ ያለህ ሁሉ ይህን እወቅ፦ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚያልፍ፣ እጁ ከቁምሳጥን ራስ የማይደርስ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ አንድ ጎልማሳ በዛሬው ዕለት ከምሳ በፊት በልብ ሕመም፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ በጭስ ታፍኖ ሕይወቱ አልፏል። ነገም በመደበኛው የሥራ ሰዓት ያልፋል። ወዳጅ ዘመድ ለቅሶ እንዳይመጣ ይሁን፤ ቢመጣም ዘበኛው መታወቂያ ሳያይ አያስገባም። ሟች ራሱ መታወቂያውን ረስቶ ከበር የተመለሰበት ቀን አለ።

ሰውዬው በሙያው ተሳፋሪ ነው። እንዲህ ያለ ሙያ አለ ወይ ብሎ ቅንድቡን ለሚሰቅል ሁሉ መልሱ አጭር ነው፤ አለ። የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን የሚማሩ ልጆች በትራስ ላይ ተለማምደው ሰማይ ሊወጡ አይችሉም። ስለዚህ አንድ ሰው ተሳፋሪ መስሎ መቀመጥ፣ መስከር፣ መቆጣት፣ መታነቅና መሞት አለበት። ያ አንድ ሰው እሱ ነው። ሥራ አጥቶ የሚሞት በሞላበት ዓለም፣ ሥራው መሞት የሆነለት ሰው ማመስገን እንጂ ማማረር አይገባውም፤ እሱም አያማርርም። ሠልጣኞቹ «ጋሼ ሟቹ» ይሉታል። «ጋሼ ሟቹ ምሳ በልተዋል?» «ጋሼ ሟቹ ዛሬ ደስ ብሏቸዋል።» ባለቤቱ አንድ ቀን ስልክ ደውላ ስትጠይቀው፣ ያነሳችው ልጅ በቅን ልቦና «ሟቹ ሽንት ቤት ናቸው» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ አትደውልም።

ማሠልጠኛው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። በመሐሉ ክንፍም ጅራትም የሌለው፣ ወገቡ ብቻ ተቆርጦ የቀረ አውሮፕላን በብረት እግር ቆሟል። መቀመጫው እውነተኛ፣ ቀበቶው እውነተኛ፣ በሩ እውነተኛ ነው። መስኮቶቹ ግን ቅቦች ናቸው፤ አንድ ቀለም ቀቢ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሰማይና አንድ ዓይነት ደመና ሥሎባቸዋል። ደመናው በግ ይመስላል። ሟቹ ዓመት ከዓመት ያንን በግ እያየ ሲሞት ኖሯል። ከአዳራሹ ውጪ እውነተኞቹ አውሮፕላኖች እየጮኹ ሲነሱ፣ የተቀባው በግ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውዬውም አንገቱን እንደ ዶሮ አዙሮ ያዳምጣል። በአውሮፕላን በር በአደጋ ማምለጫው ሸርተቴ ተንሸራቶ የወረደውን ያህል በአገሩ ውስጥ ማንም አልወረደም፤ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ግን አንድ ቀን እንኳ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ አያውቅም።

ይህም የሆነው ባለመፈለጉ አይደለም። ድሮ፣ ሆዱ ገና ከደረቱ ጋር እኩል በነበረበት ጊዜ፣ አስተናጋጅ ለመሆን ሊፈተን መጣ። ፈተናው ቀላል ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተሰመረውን መስመር ጫማ አውልቆ በእጅ መንካት። ከተሳፋሪው ራስ በላይ ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ ለመዝጋት እጅ መድረስ አለበትና። እሱ ግን አልደረሰም። በእግሩ ጣት ጫፍ ቆመ፤ አልደረሰም። ዘለለና ነካ። ፈታኞቹ «በየበረራው ልትዘል ነው?» ብለው ሳቁ። ጃኬቱን አንስቶ ሊወጣ ሲል አንዱ፣ «ዛሬ ተሳፋሪ ጎድሎናልና እስቲ አንዴ ተቀመጥልን» አለው። ተቀመጠ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳም።

በመግቢያው ላይ የተለጠፈ ባለቀለም ሥዕል አለ፤ «የሙያ መሰላል» ይላል። ከታች ሠልጣኝ፣ ቀጥሎ አስተናጋጅ፣ ቀጥሎ ዋና አስተናጋጅ፣ ከላይ አሠልጣኝ ፈገግ ብላ ቆማለች። ሟቹ በመሰላሉ ላይ የለም። ቢፈለግም አይገኝም፤ መሰላሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

አንድ አመል ነበረው፦ መጠየቅ። ከበረራ የተመለሰ የድሮ ሠልጣኝ ባገኘ ቁጥር ከበሩ ላይ ይይዘዋል። «ጆሮ ሲደፈን ምን ዓይነት ነው?» «ውኃ ውስጥ እንደመግባት ነው፣ ጋሼ።» «ደመና ውስጥ ሲገባስ ይጨልማል ወይስ ይነጣል?» «ይነጣል፣ ጋሼ።» «ሰዎቹስ እጃቸውን ምን ያደርጉታል?» ይህን ሲጠይቅ ልጆቹ ይስቃሉ። እጅ ምን ይደረጋል? ከክንድ ጋር ይቀመጣል! እሱ ግን የምሩን ነበር። ሲሞት እጁ የት እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ሳይሞት ሲቀመጥ የት እንደሚያደርገው ማንም ነግሮት አያውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ፤ ያለ ጥፋት ታሪክ የለምና።

ማሠልጠኛው ሁለት ጥብቅ ደንቦች ነበሩት። አንደኛው፣ ሟቹ ቁጡ ተሳፋሪ ሆኖ ከመነሳቱ በፊት ጫማውን ያወልቅ፤ አንድ ጊዜ በትግል መሐል የአንዷን ሠልጣኝ ጉልበት በተረከዙ መትቷታልና። ሁለተኛው፣ ከመሞቱ በፊት መነጽሩን ወደ ኪሱ ይክተት፤ ሲወድቅ ይሰበራልና። ደንቦቹ ለደኅንነት የወጡ ነበሩ። ሠልጣኝ ግን ሠልጣኝ ነው፤ ትምህርቱን ሳይሆን የፈተናውን መውጫ ቀዳዳ ነው የሚያጠናው። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው በሹክሹክታ የሚተላለፍ ግጥም ወጣ፦

*ጫማ ከወለቀ፣ ሰውዬው ጠብ ናፈቀ፤*
*መነጽር ኪስ ከገባ፣ ኦክስጅን ይግባ።*

በዚህች ግጥም ብዙዎች ተመረቁ። የአንድ ሰው ጫማና መነጽር ያጠኑ፣ የሰው ፊት ግን አይተው የማያውቁ አስተናጋጆች በየሰማዩ ተበተኑ። ምን ቀረ? እንቅልፍ የጣለው አንድ ምስኪን ነጋዴ ብቻ። እሱም አንድ ቀን በእውነተኛ በረራ ላይ መነጽሩን ከኪሱ ከትቶ ሸለብ ሲያደርገው፣ የዓይኑ ሽፋን በቅጡ ሳይከደን አስተናጋጆቹ ደረሱ። በመተላለፊያው ላይ ጋደም አድርገው፣ ሸሚዙን ከፍተው፣ ደረቱን ሊጫኑት ሲሉ ጮኾ ነቃ። ነጋዴው ከሰሰ። ክሱ ከአለቃ ወደ አለቃ ሲንከባለል ወርዶ ማሠልጠኛው ደጃፍ ላይ ቆመ።

ወዲያው አዲስ ኃላፊ መጣች። ቀጭን፣ ተጎንብሳ የማታውቅ፣ ለሁሉም «እርስዎ» የምትል ሴት ነበረች፤ የእሷ «እርስዎ» ግን እንደ በረዶ ከላይ የሚወርድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ወንበር ቁጭ ብላ የሟቹን ሥራ አየች። ሰከረ፤ ተቆጣ፤ ታነቀ፤ ሞተ። ሠልጣኞቹ ጫማውን እያዩ ሮጡ፤ መነጽሩን እያዩ ኦክስጅን አመጡ። ሲያልቅ ለብቻው ጠራችው።

«እስከ ዛሬ ስንት ዓይነት ተሳፋሪ ሠርተዋል?» አለችው።

«ሁሉንም» አለ ሟቹ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ከሞት በተነሣ ሰው ኩራት።

«አንድ ነው የሠሩት። ራስዎን። እነዚህ ልጆች የሚያውቁት ተሳፋሪ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም።»

እውነት ስትነገረው የሚናደድ ሰው ብዙ ነው፤ ሟቹን ግን የተሰማው ሌላ ነበር፤ አንድ ሰው ድንገት ኪሱ ውስጥ እጁን ሰዶ እሱ ራሱ ሲፈልገው የኖረውን ዕቃ ያወጣለት ያህል ደነገጠ።

«ከጎማ የተሠራ ሰው አዝዣለሁ» ብላ ቀጠለች። «ደረቱ ሲጫኑት መብራት ያበራል፤ ጫማ የለውም፤ መነጽር የለውም። ነገር ግን እሱ እስኪመጣ በሠራተኛ ቲኬት ሄደው ተሳፋሪ ማለት ምን እንደሆነ ይዩ። እኛ ያላየነውን አንድ ተሳፋሪ ይዘው ከመጡ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካላመጡ፣ መሞቱን ለጎማው ይተዉለት።»

ማታ ለባለቤቱ ነገራት። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏም እንደ መቀሷ ነው።

«እና አሁን ሞተህ የምትገባበት ቤት ሊዘጋብህ ነው?»

«ካላመጣሁ ይዘጋል።»

«ተሳፋሪ ከየት ይመጣል? ገበያ ነው?»

«አይቼ ነው የማመጣው፣ አንቺ ደግሞ! ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚያይ፣ እጁን—»

«እጁን እጁን እያልክ ስንት ዓመት!» አለች፤ ግን ተነስታ ሱሪውን ተኮሰች። ከአልጋ ሥር የሠርጋቸውን ቀን ጫማ አወጣች። «ሰማይ ላይ በዚያ ጭራሮ ጫማህ አትወጣም። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አማቼ አየር ላይ ነው የሚሠራ እያለች ስታወራ ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ እውነት ይሁንላት።»

ጫማው ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አልሰፋም፤ እግሩ ግን ሰፍቷል። ይህች ጫማ ትታወስልን።

የሠራተኛ ቲኬት ማለት፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ካበቃ በኋላ መቀመጫ ከተረፈ የሚቀመጡበት፣ ካልተረፈ ተኩሰው የለበሱትን ሱሪ ይዘው ወደ ቤት የሚመለሱበት ክብር ነው። ሟቹ ግንቡን ተደግፎ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ተጠራ። ደረጃውን ወጣ። የአውሮፕላኑን በር ሲያይ ከልማዱ የተነሳ ለመንሸራተት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ነበር፤ ወዲያው ዛሬ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት እንዳልሆነ ትዝ አለው።

በሩ ላይ የቆመችው ዋና አስተናጋጅ የራሱ የድሮ ሠልጣኝ ናት። በእጇ ላይ ስንት ጊዜ እንደሞተ እሷም እሱም አያስታውሱም። ስታየው፣ የተማረችው ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

በዚህ ሙያ ሳይታወቅ የሚመጣ ፈታኝ የሚባል ጉድ አለ፤ ተሳፋሪ መስሎ ይሳፈርና አስተናጋጁን ሁሉ መዝኖ፣ አንዱን ያሳድጋል፣ ሌላውን መሬት ያስቀራል። ኃላፊዋ ሟቹን መላኳን ለበረራው ሰዎች አልነገረችም። ታዲያ ተሳፋሪ መምሰል ሥራው የሆነ ሰው፣ በተተኮሰ ሱሪና በሠርግ ጫማ፣ አንገቱን እያዞረ ሁሉን ሲመረምር የገባ እንደሆነ ምን ይታሰባል? ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለሁለቱ ባልደረቦቿ፣ «ጋሼ ሟቹ ተሳፍረዋል፤ ዛሬ አልቆልናል» አለች። የሦስቱም ፊት አመድ መሰለ።

ሟቹ ይህን አላወቀም። መስኮት ጥግ ደርሶት እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። ከአጠገቡ አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ ትከሻው ከወንበሩ ወዲያና ወዲህ የተረፈ፣ አንገቱን በክራባት ያነቀ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ሟቹ ሰላምታ ሰጠው። ግዙፉ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። «ይሄ ተራ ሰው ነው፤ ምንም አይገኝበትም» ብሎ ሟቹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የመስኮቱ ነገር! በመጀመሪያ ቆሻሻ ነው፤ የተጫጫረ ነው። ከግርጌው ደግሞ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች። ቀለም ቀቢው ይህችን ቀዳዳ አልቀባም! ሟቹ በጣቱ ሊደፍናት ፈለገ፤ ደግሞም ፈራ፤ ደግሞም ለምን እንደተበሳች ለማወቅ ዓይኑን አስጠጋባት። አውሮፕላኑ ሮጠ፣ ጀርባውን አንድ ሰው በመዳፉ የገፋው መሰለው፤ መሬት እንደ ምንጣፍ ከሥሩ ተጎተተች። ጆሮው ተደፈነ። ውኃ ውስጥ እንደመግባት አይደለም! ልጆቹ ዋሽተዋል። አማት ከጓዳ እንደሚያወሩት ነው፤ መናገራቸውን ትሰማለህ፣ ያሉት ግን አይገባህም። ደመና ውስጥ ገቡ፤ ነጣ። በግ የሚመስል አንድም አልነበረም።

መነጽሩ ጭጋግ ለበሰ። እንባም ይሁን ትንፋሽ እሱ ራሱ አላወቀም። አወለቀና መሐረብ ፍለጋ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

በዚያው ቅጽበት ኦክስጅን መጣ።

«ጋሼ! ይሰሙኛል? ስምዎን ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«ስሜንማ ታውቂው የለም እንዴ!»

«በትክክል መልሰዋል፤ ንቃታቸው ሙሉ ነው» አለች አስተናጋጇ፣ ጮክ ብላ፣ ውጤቷ እንዲያዝላት።

«ልጄ፣ መነጽር ልጠርግ ነው።»

«ገብቶኛል ጋሼ፤ ሕመምተኛው ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል።»

አፍንጫውና አፉ ላይ ያደረገችለትን ነገር በግድ አወለቀው። የፊት ረድፎች ዞረው አዩት፤ የኋላ ረድፎች ቆመው አዩት። እግሩ ደግሞ በዚያች በሠርግ ጫማ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሊፈነዳ ደርሷል። ታገሰ። ታገሰ። ከዚያ ተጎንብሶ ቀስ ብሎ አንዱን ጫማ ፈታ።

ሦስቱም መጡ። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ ሦስተኛው ወንድ አስተናጋጅ እጁን ወደፊት ዘርግቶ በተማረው አቋም ቆመ።

«ጌታዬ፣ እንዲረጋጉ በትሕትና እንጠይቃለን።»

«ተረጋግቻለሁ።»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልን።»

«ምን ብዬ ነው ዝቅ የማደርገው? እግሬ ነው የጮኸው!»

«እየተቆጡ ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ። ሟቹ ጫማውን መልሶ አጠለቀ፤ እነሱም በተማሩት መሠረት አመስግነው ሄዱ። ቀና ብሎ ተሳፋሪ ሊመለከት ፈለገ፤ የመጣው ለዚህ ነበርና። ያየው ግን ዓይን ብቻ ነው፤ ሁሉም እሱን ያያል። ተሳፋሪ ሊያይ ሄዶ በተሳፋሪ ታየ። በዚህ ዓይነት ምን ይዞ ሊመለስ ነው? የኃላፊዋ ድምፅ፣ «መሞቱን ለጎማው ይተዉለት» የሚለው፣ በተደፈነ ጆሮው ውስጥ እንኳ ጥርት ብሎ ተሰማው።

ከዚያ አየሩ ተናወጠ። አውሮፕላኑ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንዳለ ጋሪ ዘለለ፤ የቀበቶው መብራት በራ። ሟቹ የመቀመጫውን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። ያኔ ነው አጠገቡ ያለው ግዙፍ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተው።

«ወንድሜ» አለ፣ ከዚያ ሁሉ አካል በማይጠበቅ ቀጭን ድምፅ። «ልንወድቅ ነው አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ፊታቸው ነገረኝ።» በአገጩ አስተናጋጆቹን ጠቆመ። «እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም። ሲንኳኳም ሲያቃስትም እነሱን ነው የማየው። እነሱ ፈገግ ካሉ ደህና ነው እላለሁ። ዛሬ ከተነሳን ጀምሮ አንዳቸውም ከልባቸው አልሳቁም። አንድ ነገር ያውቃሉ። እኛን ደብቀውናል።»

ሟቹ ሰውዬውን አየው። አሁን ገና አየው። ግንባሩ ላይ ላብ ተደርድሯል፤ ክራባቱ ግን አልተፈታም። እና እጆቹ። ሁለቱን ትላልቅ እጆቹን ከጭኑ ሥር ከትቶ፣ እንዳይንቀጠቀጡ በክብደቱ ሁሉ ተቀምጦባቸዋል። ከመሳፈሩ ጀምሮ እንደዚያ ነበር! አልጠየቀ፣ አልጠራ፣ አልተቆጣ። ብቻውን፣ በጸጥታ፣ በጨዋነት ሲሞት ነበር። የበረራው ሰዎች ሁሉ የማይሞተውን ሊያድኑ ሲሯሯጡ፣ የሚሞተው ሰው ክርናቸው ሥር ነበር። ፊታቸውን አመድ ያደረገው ደግሞ ማን ነው? ሟቹ ራሱ፣ በጫማውና በመነጽሩ።

የመጥሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ዋና አስተናጋጇ ወንበር ለወንበር እየያዘች መጣች።

«ልጄ፣ ዛሬ ፈተና የለም። ተሳፋሪ ነኝ።»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለች ከንፈሯ እየደረቀ። «ፈታኝ መሆኑን የሚክድ ፈታኝ ሲያጋጥም ተረጋግቶ መቀጠል ነው።»

«ኧረ እኔ ልሙት!»

«እሱንም ለምደነዋል፣ ጋሼ።»

መሐላ የማይታመንለት ሰው ምን ይቀረዋል? ሟቹ ኮቱን ገለጥ አደረገና ሆዱን አሳያት። ከሆዱ ግርጌ የመቀመጫው ቀበቶ ተጠርቅሟል፤ ጫፉም እስከ መጨረሻው ተስቧል።

ልጅቱ ቀበቶውን አየች። በሥልጠና ዘመኗ ሁሉ ይህ ሰው ቀበቶውን ያለ ጭቅጭቅ ያሰረበት ቀን አልነበረም። እያንዳንዱ ትምህርት የሚጀመረው «አላስርም!» በሚለው ጩኸቱ ነበር።

«ማን አሰረልዎ?»

«እኔ።»

«ሳይነገርዎ?»

«ሳይነገረኝ። ስለፈራሁ።»

ልጅቱ ሳቀች። ጥርስ እስከዚህ ድረስ ተብሎ የተለካውን ሳቅ አይደለም፤ ትከሻዋን ያንቀጠቀጠ፣ አፏን በእጇ ያስያዘ፣ የቤት ሳቅ ሳቀች። ወደ ኋላ ዞራ ለባልደረቦቿ «ፈርተው ነው!» ስትል እነሱም በሳቅ ፈነዱ። አየሩ እንደሆነ ገና አልተወም፤ ጋሪው አሁንም ኮረኮንች ላይ ነው። ግዙፉ ሰውዬ ግን አንዷን፣ ከዚያ ሌላዋን፣ ከዚያ ሦስተኛውን አየ። ረጅም ትንፋሽ አወጣ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን እጁን ከጭኑ ሥር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ ደሙ እስኪመለስ ጣቶቹን ፈታታ።

«እጃቸውን እዚያ ነው የሚያደርጉት» አለ ሟቹ ለራሱ።

ሲመለስ ኃላፊዋ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ከጥግ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ የጎማ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«እሺ፣ ምን ዓይነት ተሳፋሪ አመጡ?»

«ምንም የማያደርግ።»

«ምንም ላለማድረግ ሰው ይቀጠራል?»

በየቢሮው ስንቱ ለዚሁ ተቀጥሮ እንደተቀመጠ እሷም ሳታውቀው አትቀርም፤ ሟቹ ግን ጨዋ ስለሆነ አላነሳባትም። «ልሥራውና ይዩት» አለ።

በማግስቱ ሊመረቁ የደረሱትን ሠልጣኞች አስጠራች። ሟቹ በግ ከተሣለበት መስኮት ሥር ተቀመጠ። ሳይነገረው ቀበቶውን አሰረ፤ አንዷ ሠልጣኝ ይህን አይታ ከወዲሁ ጭንቅ ያዛት። ጫማው እግሩ ላይ ነው። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። እጆቹን ከጭኑ ሥር ከተተና የልጆቹን ፊት ያይ ጀመር።

ልጆቹ ጠበቁ። ጫማውን አዩ፤ አይወልቅም። መነጽሩን አዩ፤ ኪስ አይገባም። አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» አለ፤ መልስ የለም። አንዷ «ታንቀው ይሆናል» ብላ ጀርባውን በጥፊ መታችው። ሌላው ከሁሉ ቀድሞ ማለፍ ፈልጎ፣ ገና ያልተነሳውን ጠብ ሊያበርድ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ፊታቸው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ሟቹ ወንበሩ ውስጥ ይሰምጣል። ከመካከላቸው ግጥሙን መያዝ አቅቷት የምትታወቅ አንዲት ልጅ ነበረች። እሷ ውኃ ይዛ መጣች፣ ግማሹን ጉልበቱ ላይ አፈሰሰችው፣ ደንግጣ ስታብስለት ፊቱን አየችና፣ «መጀመሪያዎ ነው እንዴ? ውይ፣ ይሄ ድምፅ እኮ የአውሮፕላኑ ጎማ ሲታጠፍ ነው፤ እኔንም መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር» አለች። ምንም ድምፅ አልነበረም። ሟቹ ግን ሰማው። እጆቹን ከጭኑ ሥር አወጣ።

ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። ከዚያ ልጅቱን «ውኃ አያያዝ ይማሩ» አለቻት፤ ሌሎቹን ሁሉ ለአንድ ወር ወደ ሥልጠና መለሰቻቸው። ወደ ሟቹ ዞረች። «መሞቱን ለጎማው ይተዉለት» አለች እንደገና፤ ዘግየት ብላም፣ «መቀመጡ የእርስዎ ነው» አለች።

እንዲህ ሆኖ የጎማው ሰው ይሞታል፤ ሟቹ ከጎኑ ተቀምጦ ይኖራል። ስሙ ግን አልተለወጠም። ማታ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ዛሬ ምን ሆነህ ዋልክ?» ትለዋለች።

«ምንም።»

«ምንም ሆኖ የዋለ ሰው እንዲህ ይደክመዋል?»

«እሱ እኮ ነው የሚያደክመው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ነገር ግን ሠልጣኝ ሠልጣኝ ነው። ባለፈው ሰሞን ሟቹ ከሽንት ቤት ሲወጣ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አዲስ ግጥም ሲያጠኑ ሰማ፤ «እጅ ከጭን ሥር ከሆነ፣ ለሰውዬው ሰማይ አዲስ ሆነ» ይላል። ደረቀ። ኃላፊዋም ሰምታለች። ሌላ ተሳፋሪ ይዞ ካልመጣ፣ ሁለተኛ የጎማ ሰው ሊታዘዝ ነው፤ እጁን ከጭኑ ሥር የሚያስገባ። እሱም በሠራተኛ ቲኬት፣ በሰፊ ጫማ፣ መቀመጫ በተረፈ ቁጥር እየተሳፈረ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀን ስትሳፈር አጠገብህ ቦርጫም፣ አጭር፣ ባለወፍራም መነጽር ሰው ተቀምጦ መስኮቱን ሳይሆን አንተን እያየ ብታገኘው፣ ሌባ ነው ብለህ አትጩህ፤ አስተናጋጅም አትጥራ፤ እነሱ ራሳቸው ይፈሩታል። ሰማይ ላይ ስትሆን ማንም አያየኝም ብለህ የምታደርጋት አንዲት ነገር አለችህ፤ ካላፈርክባት፣ ለእንጀራው ስትል፣ እባክህ፣ ቀስ ብለህ፣ እሱ ደህና አድርጎ እንዲያይህ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ...